መልሱን ያዢው

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከቆላ ድባ ደወለችልኝ። «ጎንደር መጥቼ አስተናጋጅ ብሆንስ? በቲፕ ይኖራል ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ሥራ ነው። ግን አዎም አይም ማለት አቃተኝ። «ልጻፍልሽ» አልኳት። ይኸው።

የጀመርኩት ጥቅምት 2010 ነው። 19 ዓመቴ ነበር። ቤቱ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ከፋሲል ግንብ ብዙም አይርቅም። ጥብስና ቁርጥ፣ ማታ ማታ ድራፍት ይሸጣል። ደመወዜ 800 ብር ሲሆን ከጓደኛዬ ጋር ለተከራየናት ክፍል ድርሻዬ 350 ነበር። በቀረው 450 ብር ወር እንደማይገፋ ቀጣሪዬም ያውቃል። ሲቀጥረኝ «ዋናው ቲፑ ነው» ነው ያለኝ። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል ደመወዝ ስላልተወሰነ፣ እንዲህ ብሎ መቅጠር ይቻላል።

ቲፕ ማለት እኛ ጋ መልስ ማለት ነው። ደንበኛው ቁጭ ብሎ በመቶኛ አያሰላልሽም። ሂሳቡ 87 ብር ከሆነ መቶ ብር ይሰጥሽና «መልሱን ያዢው» ይልሻል። ይህ ሲገባኝ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ባጃጅ ሹፌሮች ጋ እየሄድኩ ብር መዘርዘር ጀመርኩ። 20 ብር መልስ በአንድ አስርና በሁለት አምስት ስታመጪ፣ ሰውየው አስሯን አንስቶ አምስቶቹን ይተዋል። በሁለት አስር ካመጣሽ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያነሳል። «ዝርዝር የለም» የሚሉ አስተናጋጆች ነበሩ። ደንበኛው ያን ቀን ይተውላቸዋል፣ ሁለተኛ ግን እነሱ ጋ አይቀመጥም።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። ማታ ጫማዬን ሳላወልቅ የዕለቱን ቲፕ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ስጽፍ የቤቱን ባሕርይ አወቅኩት። አዘቦት ቀን ከ50 እስከ 60 ብር ይገኝ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤት ስለሆነ ይቀንሳል። በሁዳዴ ግን 55ቱንም ቀን፣ በቀን 25 ብር ካገኘሁ ተመስገን ነበር። በ2011 ከተራና ጥምቀት ደግሞ በሁለት ቀን 1,340 ብር አገኘሁ። ያኔ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ መቀመጫ አይገኝም፤ ታቦታቱ ከፋሲለደስ መዋኛ ከተመለሱ በኋላ ሰው ሁሉ ጠግቦ ማደር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዓመት የጥምቀቱን ብር በሳምንት ውስጥ ጨረስኩት። ጾም ሲገባ ተበደርኩ። በሁለተኛው ዓመት ግን የጥር ብር የሁዳዴ ቀለብ ሆነ።

ከሁሉ ያተረፈኝ እቁብ ነው። ባሬስታው፣ ወጥ ቤቶቹና በር ላይ የሚቆሙት የባጃጅ ልጆች ሆነን 25 ሰው ነበርን። በሳምንት 200 ብር፣ ዕጣው 5,000። ቲፕ እጅ ላይ ካደረ ይበተናል። ሰብሳቢው ቅዳሜ ማታ ቆሞ ሲጠብቅሽ ግን ብሩ የአንቺ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ዕጣ ፍራሽና አልጋ ሆነ። ሁለተኛው የማታ አካውንቲንግ መማሪያ ሆነልኝ። ዛሬ ማራኪ ሰፈር በአንድ ሱቅ ካሸር ሆኜ የምሠራው በዚያ ብር ነው።

የውጭ ቱሪስት አንዳንዴ 200 ብር ትቶልኝ ሄዷል። ደስ ይላል። ደብተሬ ውስጥ የሚበዙት ግን የአምስት ብር ሰዎች ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። ጥግ ያለችውን ወንበር ይይዛሉ። ጥርሳቸውን ስለሚያማቸው ውሃው ለብ ማለት አለበት። አንድ ጊዜ ነግረውኝ ሁለተኛ አልነገሩኝም። ገና በር ላይ ሳያቸው ውሃውን አስሞቃለሁ። ሲነሱ አምስት ብር ጠረጴዛው ላይ አድርገው «እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ» ይሉኛል። ሌላው እያጨበጨበ በሚጠራኝ ቤት የእሳቸው ምርቃት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ታኅሣሥ 2012፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። አምስት ጎረምሶች 640 ብር የሚሆን በሉ፣ ጠጡ። ወጥ ቤት ገብቼ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። አንዱ ብርጭቆ ገና አረፋው አልወረደም። መንገድ ድረስ ሮጥኩ። የሉም። እኛ ቤት አስተናጋጅ ያዘዘችውን ከባንኮኒው የምታወጣው በራሷ ሂሳብ ነው፤ ደንበኛ ከጠፋ ዕዳው የእሷ ነው። በወሩ መጨረሻ ከ800 ብር ደመወዜ 160 ብር ሰጡኝ። አለቀስኩ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ።

ሕጉን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ ከሕግ ተማሪ ደንበኛዬ። አዋጅ 1156/2011 ላይ አለ። ሕግ፣ ፍርድ ቤት ወይም የኅብረት ስምምነት ካላዘዘ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይቆረጥም። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከሲሶ አይበልጥም። ይህን ለአለቃዬ በትሕትና ነገርኩት። ብሩን አልመለሰልኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከማንኛችንም ከሲሶ በላይ ቆርጦ አያውቅም። እኔም ከሁለት ዙር መጠጥ በኋላ «ሂሳቡን እስከዚህ እንዝጋው ይሆን?» ማለት ለመድኩ። ፈገግ ብለሽ ከጠየቅሽ የሚከፋ ሰው የለም።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ቲፕ ደመወዝ አለመሆኑ ነው። ጡረታ የሚቆረጥልሽ፣ ከአንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በወረቀት ላይ ካለው ደመወዝ ነው። የወሊድ ፈቃድ ክፍያውም በዚያው ይታሰባል። ታይፎይድ ይዞኝ 16 ቀን ተኝቼ ነበር። ሕጉ እንደሚለው ደመወዜ አልተነካብኝም። ቲፑ ግን ዜሮ ነው። የዚያን ወር እቁቤን የከፈለችልኝ ጓደኛዬ ናት። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ መጥቶ እንግዳ ሲጠፋ፣ ለወራት እንዲሁ ሆነ። አጨብጭቦ የሚጠራን እንኳ ናፈቀን።

ሴት ስለሆንሽ ይህንንም ልንገርሽ። አንድ ማታ ብርጭቆ ሥር 200 ብርና የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተቀምጦ አገኘሁ። ሰውየው ገና በር ላይ ነበር። ሁለቱንም ይዤ ሄድኩና ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ረስተው ሊሄዱ ነው» አልኩት። ተቀበለኝና ሄደ። በእኛ ቋንቋ ቲፕም፣ በእጅ የሚያጎርሱትም ጉርሻ ነው። ጉርሻ ደግሞ የሚቀበሉት ከወደዱት ሰው እጅ ነው። 200 ብር ያን ጊዜ ከሦስት ቀን ቲፔ በላይ ነበር። ያስፈልገኝም ነበር።

ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። 340 ብር የበላ 340 ይልካል፣ አለቀ። መልስ የለም። «በቴሌብር ልላክልሽ?» የሚልሽ ደግ ሰው አይጠፋም። ግን የቴሌብር ቁጥርሽ ስልክሽ ነው። ለማታውቂው ወንድ ስልክ ሰጥተሽ ስንት ሌሊት ይደወልብሻል? መጨረሻ ላይ የባሬስታው ቁጥር ካርቶን ላይ ተጽፎ ባንኮኒው ላይ ተለጠፈ። ማታ ማታ ከወጥ ቤት ጀምሮ ለሁላችንም ይካፈላል። በፊት ለየብቻችን ስንይዝ ቀይ ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውለው እህታችን ምንም አይደርሳትም ነበር። እኔም ለዓመታት አልሰጠኋትም። ዛሬም ይከነክነኛል።

እና ያዋጣል ወይ? እኔን አዋጥቶኛል። የሚያዋጣሽ ግን ደመወዙ ኪራይሽን ከሸፈነ ነው። ቲፑ የኪራይ ከሆነ በጾም ወራት ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ። ስትቀጠሪ «ቲፑ ስንት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ያጋንኑልሻል። ሳይከፍል የሄደ ሰው ዕዳ የማን እንደሆነ፣ ብርጭቆ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፣ ጡረታ እንዳለው ጠይቂ። ሰርቪስ ብለው በደረሰኝ ላይ 10 በመቶ የሚያስከፍሉ ከሆነ ያ ብር የት እንደሚገባ ጠይቂ።

ቅዳሜ ነይ። ሦስት ቤት አብረን እንሄዳለን። ሻይ አዘን ቁጭ እንላለን። አስተናጋጇ ከባንኮኒው ስትወስድ ከኪሷ ከፍላ መሆኑን እናያለን። ከፍላ ከሆነ ሻያችንን ጠጥተን፣ መልሱን ትተንላት ወደሚቀጥለው እንሄዳለን።