ስበር ያየኝ የለም

ስለ ጭቃው ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ባልደረቦቼ ጠይቀውኛል። ባለ ሱቁ ጠይቆኛል። ዝክር ቤት ሄጄ ቄሱ ሳይቀሩ ጠይቀውኛል። ስለ አየሩ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ሁለቱም ጎማ ከመሬት ተላቆ፣ እኔ ከነሞተሬ ሰማይ ላይ ስለነበርኩባት ቅጽበት ማንም ግድ የለውም። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ሞተሬ ያማሃ ዲቲ ነው። አንድ ፕሮጀክት ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ነው የገዛሁት። የዘሩ አባት ዲቲ-1 በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የታሰበው ለአሜሪካኖች ነበር። በአንድ ሞተር አስፋልቱንም ዱሩንም እንዲሄዱበት። የእኔው ግን ዕጣው ቢቸና ወጣ ብሎ ያለው ዋልካ ሆነ።

ባላባቶቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ ባላባት አይደለሁም። ቢሆንም ሞተሬን አባ ጭሱ ብዬዋለሁ። ቱ ስትሮክ ስለሆነ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥላል። ሰፈራችን ውስጥ የት እንዳለሁ ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም፤ ሰማያዊውን ጭስ መከተል ነው።

እውነተኛ የሞቶክሮስ፣ ማለትም ጭቃና ኮረብታ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ሞተር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናወዳድር። እውነተኛው የሞቶክሮስ ሞተር መብራት የለውም። መስታወት የለውም። ክላክስ የለውም። የእኔም መብራት የለውም፣ መስታወቱ ተሰብሯል፣ ክላክሱም አይሠራም። የእነሱ ሞላ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይታጠፋል፤ የእኔው ይህን ያህል አይታጠፍም፤ ቀሪውን ጉልበቴ ያሟላል። እኩል ነን።

መምህራን ክፍል ውስጥ «ይሄ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» የሚለኝ አንድ ባልደረባ አለኝ። እንግሊዞች ጭቃና ኮረብታ ላይ ሞተር መሽቀዳደም የጀመሩት በ1924 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሻምፒዮና ሆኖለታል። ይህን ስነግረው «እንግሊዝ ሥራ ስላልነበረው ነው» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል?

የሞተር ደስታ ከጠዋቱ ይጀምራል። አባ ጭሱ በእርግጫ ነው የሚነሳው። አንዳንዴ እርግጫውን ይመልሳል፤ ቅልጥሜ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። ሲነሳ ግን ያ ሽታ አለ። የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚንና የጠዋት ቅዝቃዜ አንድ ላይ ሲመጡ። ሌላው ሰው በቡና ይነቃል፤ እኔን የሚያነቃኝ እሱ ነው። ቤንዚኑ በሃይላንድ የተገዛ ነው። ውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቁት ሻጩና እግዚአብሔር ናቸው። ዋጋውን ሲጨምር ሻጩ አያፍርም፤ «ነዳጅ ከጠፋ ሰነበተ» ይላል፣ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ።

ከዚያ ካርቶን ደረቴ ላይ አስገባለሁ። ይህ የእናቴ ትእዛዝ ነው። ጎጃም ውስጥ በሽታ ሁሉ ከነፋስ ነው የሚመጣው። ጥርስ ቢያመኝ ነፋስ ነው፣ ጨጓራ ቢያመኝ ነፋስ ነው፣ ሚስት አለማግባቴም ከሞተሩ ነፋስ የተያያዘ እንደሆነ አክስቴ ታምናለች። ስለዚህ የፓስታ ካርቶን ከጃኬቴ ሥር አደርጋለሁ። ይህች ካርቶን በኋላ ትመጣለች።

ቱ ስትሮክ ሞተር ዙሩ ዝቅ ሲል ሰነፍ ነው። ጋዝ ስትሰጡት ያጉረመርማል፣ ይስላል፣ ነገ ይደርሳል የሚል ይመስላል። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን በድንገት ይነቃል። ድምፁ ይቀጥናል። ክንዴ ይሳባል። ሆዴ ወደ ኋላ ይቀራል። ያቺን ሽግግር ስጠብቅ ብቻ ነው የምኖረው ብል አላጋነንኩም። ደመወዝ ሲገባ እንኳ ሆዴ እንዲህ አይሆንም።

ሌላው ደስታ ቆሞ መንዳት ነው። መቀመጫ ለአስፋልት ሰው ነው። ጎርበጥባጣ ላይ ተቀምጣችሁ ከሄዳችሁ ማታ ወገባችሁ ሒሳቡን ያወራርዳል። እግር መርገጫው ላይ ቆማችሁ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ፣ ክርናችሁን ከፈት ስታደርጉ ግን ሞተሩ ከሥር እንደ ልቡ ይዘላል፤ እናንተ ከወገብ በላይ ጸጥ ትላላችሁ። አይሱዙ የቆፈረው ቦይ፣ የከብት ዱካ፣ የተፈነቀለ ድንጋይ፣ ሁሉም በጉልበት በኩል ያልፋል። ጭንቅላት አይደርስም። በዚህ ላይ መስከረም ነው። ግራና ቀኙ አደይ አበባ፣ ከዚያ ማዶ ጤፍ፣ ከዚያ የባሕር ዛፍ ሽታ።

ድካሙ ራሱ ያስደስታል። ክንዴ ደርቆ፣ ጣቶቼ መሪ እንደጨበጡ ይቀራሉ። ምሳ ላይ እንጀራ መቁረስ ያቅተኛል። እናቴ አዝና ታጎርሰኛለች። ለዚህ ብቻ እንኳ መንዳት ያዋጣል።

አሁን ወደ ቁልሉ እንምጣ። አንድ ሥራ ተቋራጭ መንገዱ ዳር ቱቦ ሊቀብር ብሎ ቆፈረ። አፈሩን ቆልሎ ሄደ። ቱቦው አልመጣም። ስብሰባ ላይ ስንጠይቅ «በዕቅድ ተይዟል» ተባልን። ጉድጓዱ ሞላ፣ ቁልሉ ግን እዚያው ከረመ። ሣር አበቀለ። ፍየሎች እየወጡ እየወረዱ ጠቀጠቁት። ከአንድ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከአናቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። መሐንዲስ አስቦ ቢሠራው እንዲህ አያምርም ነበር። በዚህች አገር በትክክል የተሠራ ነገር ያየሁት እሱን ነው፤ እሱም ሳይታሰብ።

በገበያ ቀን፣ በጠዋት፣ ቆሜ መጣሁበት። አባ ጭሱ ነቅቷል። ወጣሁ።

አየር ላይ ስትሆኑ መጀመሪያ የሚጠፋው መሬቱ ነው። ድምፁ ሳይሆን ንዝረቱ። መዳፋችሁን ሲቆጠቁጥ የነበረው ጠጠር ሁሉ ድንገት ይተዋችኋል። መሪው ይቀላል። ሆድ ወደ ደረት ይወጣል፤ የፓስታ ካርቶኗ እስክትነካው። የሞተሩ አፍንጫ ዘቀጥ ሲልብኝ ትንሽ ጋዝ ሰጠሁት፣ ቀና አለ። ይህ ተአምር አይደለም፤ አንጉላር ሞመንተም ነው። የኋላ ጎማ ፍጥነት ሲጨምር የሞተሩ አካል በተቃራኒው ይዞራል፣ አፍንጫው ይነሳል። የኋላ ፍሬን ብትይዙ ደግሞ ይደፋል። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ያዛጋሉ። እኔ ግን እዚያ ላይ በክንዴ አነበብኩት። ከፊት ለፊቴ ወደ ገበያ የሚሄዱ ጃንጥላዎች ተሰልፈው ታዩኝ። ከላይ! ጃንጥላን ከላይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከፍታው? ሁለት ሜትር። ምስክር ስለሌለ ሁለት ሜትር ሆኖ ይቆያል።

ከዚያ ዋልካው ተቀበለኝ። ዋልካን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ዝናብ ሲጠጣ ሸክላው ያብጥና የነካውን አይለቅም። ጎማዎቹ ገቡ። ፓራፋንጎው ሥር ጭቃው ጢም አለ። አባ ጭሱ አንዴ ሳል ብሎ ጠፋ። ግን አልወደቀም። ይህን አስምሩልኝ፤ አልወደቅንም። ሞተሩ ያለ መቆሚያው ቀጥ ብሎ ተተከለ። እኔም እግር መርገጫው ላይ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ክርኔን ከፍቼ፣ ደረቴ በካርቶን ተወጥሮ ቀረሁ።

ለምን አልወረድክም ትላላችሁ። ሸራ ጫማ ነው ያደረግሁት። ዋልካ ውስጥ እግር ይገባል፣ እግር ይወጣል፣ ጫማ ግን እዚያው ይሰፍራል። ድንጋይ የሚያቀብለኝ ሰው እስኪመጣ ልጠብቅ አልኩ።

የመጡት አንዲት እማማ ናቸው። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ ብብታቸው ሥር ዶሮ። ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዶሮዋም አየችኝ። ከዚያ ዘወር ብለው ቁጥቋጦውን ቃኙና ጠየቁኝ፤

«አንተ ልዤ፣ ፎቶ አንሺው የት ሄደ?»

ቢያሾፉብኝ መልስ ነበረኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሊት እየነቃሁ መልስ አዘጋጃለሁ፤ አንዱም አይሆንም። ያን ጊዜ ያልኩት «እ…» ነው። እሳቸውም አዘኑልኝ። «ትቶህ ሄዶ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው!» ብለው የሌለ ሰው ረገሙልኝ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ከቴሌቪዥን ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ለምርጫ ነው» አለ። አንድ አባወራ በጉን ጎትቶ ከጀርባዬ አዞረው፤ «እንዳያበላሽብህ» ብሎኝ። ይኸው ሰው ተመልሶ ጋቢውን አስተካክሎ አጠገቤ ቆመ፤ በጉ ያበላሻል፣ እሱ ግን ያሳምራል። «ኧረ ድንጋይ አቀብሉኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አትንቀሳቀስ፣ መጣ!» አሉኝ። ለካ አንድ ልጅ ፎቶ አንሺውን ሊጠራ ሮጧል።

መጣ። ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ «ቁም ነው ጉርድ?» አለኝ። አውጡኝ አልኩት። «ብርሃኑ ሳይሄድ እንጨርስ» አለ። «አገጭ ቀና። ደረትስ ጥሩ ነው።» ደረቱ የፓስታ ካርቶን መሆኑን አላወቀም። «ፈገግ» አለ። እኔም፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም፣ ፈገግ አልኩ። ሰው ካሜራ ሲያይ ጥርሱ የራሱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጎረምሶች በጠፍር ጎትተው አወጡን። የግራ ጫማዬ እዚያው ነው።

ፎቶው አሁን የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅሏል። በግራ ሙሽሮች፣ በቀኝ ጋወን የለበሰች ተመራቂ፣ መሐል እኔ። ፎቶው ጥሩ ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ቁልሉ አልገባበትም። አየሩ አልገባበትም። ያለው አንድ ጤነኛ የሚመስል ሰው ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ጭቃ መሐል፣ ሞተር ላይ ቆሞ የሚስቅ። አጠገቡ ባለ ጋቢ።

ልጆች «አባ ፎቶ» ይሉኛል። ባላባትነት በዚህ በኩል ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ክፍል ውስጥ የተወርዋሪ አካል እንቅስቃሴን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ቁልልና ቀስት ሳልኩ። አንዱ ከኋላ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነስ?» ክፍሉ ፈረሰ። የተረገመው ልጅ፣ ጥያቄው ደግሞ ትክክል ነው። ፈተና ላይ አስገባዋለሁ።

ትናንት ፎቶ ቤቱ ሄጄ አውርድልኝ አልኩት።

«ሰው ወዶት የለም እንዴ?» አለ። «እንደሱ አንሳን የሚሉ ልጆች እየመጡ ነው።»

«እሺ፣ እንግዲያው ስዘል አንሳኝና እሱን ስቀለው። ቁልሉ ጋ እንሂድ። በነጻ እዘልልሃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «የሚንቀሳቀስ ነገር ይደበዝዝብኛል። አንተ ቆመህ ነው የምታምረው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ ሞተሩን ለጥር አከራየኝ። ሙሽሮች ይፈልጉታል።»

«ከነጭቃው?»

«ከነጭቃው እንጂ! ያለ ጭቃውማ ማንም ሞተር ነው።»

«በጥር ጭቃ ከየት ታመጣለህ?»

«ውኃ እናፈስበታለን» አለኝ። «አንተ ብቻ እስከዚያ እንዳታጥበው።»