በርሜሉ

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ እንደ ልማዱ ነፋሻ ነበር፤ ውኃም በተራችን ቀን አልመጣም። ጀሪካን ይዤ ወደ ግቢው በር ስወርድ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ጊዜ ለእጅ መታጠቢያ አዋጥተን የገዛነው ባለ ቧንቧ በርሜል አፈር ተሞልቶ፣ ጥበቃው ጤና አዳም ተክለውበት አየሁ። ስለ ውኃው ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ በርሜሉ ግን የወንድም ጋሼን ነገር አስታወሰኝ።

ወንድም ጋሼ የአእምሮ ሕመሙ ሲነሣበት፣ ስልኩ «አትውጣ፣ ሰው አትጠጋ» እያለ እንደሚያስጠነቅቀው ይነግረን የነበረው ኮቪድ ከመሰማቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ማገርሸቱ የሚታወቀው በእንቅልፍ ማጣትና በዚህ ዓይነቱ ንግግር ስለሆነ፣ እኔ ሁሉንም ከነቀኑ እየመዘገብኩ ለሐኪሙ የማነብበት ደብተር አለኝ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ግን፣ ማንም ለማንም ሲደውል የተቀዳ ድምፅ እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ ይል ጀመር። ወንድም ጋሼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጎ፣ እንደረታ ሰው ሳይሆን ሸክም እንደቀለለለት ሰው፣ «አሁን አንቺም ሰማሽው?» አለኝ። ሰምቼዋለሁ። ደብተሩ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን ጠፋኝ።

በዚያ ሰሞን ከቤታችን የተረጋጋው እሱ ነበር። እኔ ከሱቅ የመጣ የመልስ ሳንቲም በበረኪና አጥባለሁ፤ ሌሊት በግድግዳው በኩል የጎረቤት ሳል እቆጥራለሁ።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት ያንን መረጋጋቱን አምኜ ነው። መድኃኒቱ በየወሩ የሚወጋው፣ ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚለቀቅ መርፌ ነው፤ ስለዚህም አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ በማግሥቱ የሚታይ ነገር የለም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ታክሲዎች የሚጭኑት ሰው በግማሽ ቀንሶ ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ከዚህ እስከ ሆስፒታሉ ደግሞ ሦስት ታክሲ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቀረኝ ገንዘቡ ሳይሆን፣ ሰልፉ ላይ ይያዝብኛል የሚለው ፍርሃት ነበር። ሁለት ቀጠሮ አሳለፍኩ። ሐምሌ ሲጋመስ እንቅልፉ ጠፋ፤ ነሐሴን እንዴት እንዳሳለፍነው እማዬ ታውቃለች።

በኋላ በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ስለተከታተለ ጥናት አነበብኩ። 121 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹም ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ይህ ሁሉ ኮቪድ ሳይመጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፍርሃቴ ከንቱ ነበር ለማለት አልችልም። የሚቆጨኝ ትክክለኛ ፍርሃት ይዤ የተሳሳተውን በር መዝጋቴ ነው።

የተቀዳው ድምፅ ከስልክ ላይ በተነሣ ጊዜ ወንድም ጋሼ መርፌውን በሰዓቱ እየተወጋ፣ ደህና እየተኛ ነበር። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «አሁንስ ለምን ዝም አሉ? በሽታው አልቆ ነው ወይስ ታክቷቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የጤነኛ ሰው ጥያቄ ይሁን የሕመሙ፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም፤ ለማንኛውም ብዬ ደብተሩ ላይ አስፍሬ በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ አነበብኩለት።

የሳንቲሞቹ ነገር ግን ደብተሩ ላይ የለም።