ከኦቴማቺ እስከ ሺምባሺ፦ ሁለት ቀን ከሐኮኔ ሩጫ ጋር

ቶኪዮ፣ ኦቴማቺ የደረስኩት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሁለተኛ ቀን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. የማራቶን ወርቁን የደገመባት ከተማ መጥቼ ሩጫ ሳላይ አልመለስም ብያለሁ። ከዮሚዩሪ ጋዜጣ ሕንፃ አጠገብ ሕዝቡ መሃል ቆምኩ። ጎኔ የነበሩ እናት ትንሽ የወረቀት ባንዲራ አቀበሉኝ።

ሐኮኔ ኤኪደን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቅብብል ሩጫ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። የየቡድኑ 10 ሯጮች በሁለት ቀን 217 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ ሐኮኔ ተራራ ደርሰው ይመለሳሉ። የሚቀባበሉት ዱላ አይደለም፤ ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርድ መቀነት ነው።

ሯጮቹ በሰከንዶች ውስጥ ሽው ብለውን አለፉ። አለቀ። ሕዝቡ ተበተነ። ቀሪው ሩጫ ያለው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። 4ኛው ቻናል፣ ኒፖን ቴሌቪዥን፣ ተከፍቷል። ሯጮቹ የቅብብሉን አምስተኛ ክፍል፣ ያንን ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ተያይዘውታል። ሾርባዬ እስኪቀዘቅዝ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጣቢያው ሩጫውን በቀጥታ ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሲግናልን ከሚጋርድ ተራራ መሃል ምስል ማውጣት ቀላል ሥራ አልነበረም። ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ያለዚህ ሩጫ አዲስ ዓመት የለም።

ይህን ሁሉ ለማየት ተመልካቹ ለጣቢያው አይከፍልም። ከየቤቱ ክፍያ የሚሰበስበው የሕዝብ ጣቢያው ኤንኤችኬ ነው። የግል ጣቢያዎቹ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው። አንዱ ድርጅት ፕሮግራሙን ስፖንሰር ያደርጋል፤ ለሐኮኔ ዋናው ሳፖሮ ቢራ ነው። ሌላው ደግሞ አጫጭር ክፍተቶችን ይገዛል፤ ዋጋውን የሚወስነው የተመልካቹ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የጃፓን የኢንተርኔት ማስታወቂያ የቴሌቪዥኑን በገንዘብ በልጦታል። ሕዝብን በአንድ ሰዓት አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሩጫ ለጣቢያው ወርቅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሺዮዶሜ፣ ወደ ጣቢያው ዋና መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የአኒሜሽን ፊልም ሠሪው ሃያኦ ሚያዛኪ የነደፈው ግዙፍ የመዳብ ሰዓት አለ። እዚያ ሰዓት መኖሩ ደስ አለኝ። ኒፖን ቴሌቪዥን፣ የጃፓን የመጀመሪያው የግል ቴሌቪዥን፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1953 ሥራ ሲጀምር ያስተላለፈው የመጀመሪያ ማስታወቂያ የሴይኮ ሰዓት ነበርና።

ከዚያ በእግሬ ሺምባሺ ባቡር ጣቢያ አደባባይ ደረስኩ። በጣም የጓጓሁለት ቦታ ይሄ ነበር። ኒፖን ቴሌቪዥን ሲጀምር ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ቤቱ ቴሌቪዥን ለሌለው ሰው ማን ማስታወቂያ ያሠራል? መሥራቹ ማትሱታሮ ሾሪኪ መላ ዘየዱ፤ ቴሌቪዥኖችን አደባባይና ባቡር ጣቢያ ላይ አስተከሉ። መቆጠር ያለበት ዓይን እንጂ ዕቃው አይደለም ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ታጋዩ ሪኪዶዛን ከካናዳ ተወላጆቹ ሻርፕ ወንድማማቾች ጋር ሲታገል እዚህ አደባባይ ላይ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ተጨናንቆ ነበር።

ወደ ሂቢያ ጎዳና ስወጣ ሕዝቡ እንደገና ተሰልፏል። የመጨረሻዎቹ ሯጮች ሊያልፉ ነው። አንድ አዛውንት ሩጫውን በስልካቸው እየተከታተሉ ነበር። ስልኩን ወደ እኔ አዘነበሉልኝ። ገና ከአጠገባችን ያልደረሰው ልጅ መቀነቱን ጨብጦ ይሮጣል። ከዚያ ቀና አልን፤ መጣ።