ፓስወርድ ካስገቡ በኋላ ያለው ረጅም ጥበቃ

የቢሮ ኮምፒውተር ፓስወርድ ገብቶለት አልከፈት ሲል ሰው ሁሉ የሚያማው ኔትወርኩን ነው። ቀጥሎ ሰርቨሩ ይታማል። ከዚያ «ዛሬ ኢንተርኔት የለም እንዴ?» ይባላል። ኢንተርኔቱን ግን ነገሩ አይመለከተውም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። እኛ ዘንድ ጥበቃውን ያመጣው ሮሚንግ ፕሮፋይሉ የተሸከመው ዕቃ ነበር።

ሮሚንግ ፕሮፋይል ማለት የሠራተኛው ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስና የፕሮግራሞቹ ሴቲንግ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ሲገባ ተከትሎት የሚመጣበት አሠራር ነው። ለእኛ በጣም ይጠቅማል። ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጋ የሂሳብ ሠራተኞች ለንብረት ቆጠራ ግምጃ ቤት ይወርዳሉ። እዚያ ባገኙት ኮምፒውተር ተቀምጠው የራሳቸውን ፋይል ይከፍታሉ። ፍላሽ ይዞ መዞር፣ ቫይረስ ይዞ መምጣት ቀረ።

ችግሩ ያለው አካሄዱ ላይ ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት ፕሮፋይሉን ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል፤ ሎግ አውት ሲደረግ የተለወጠውን መልሶ ይልካል። ሁልጊዜ በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ የሚመጣው የተለወጠው ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይከፍታል። ገብተው በማያውቁት ኮምፒውተር ላይ ግን ሁሉም እንደ አዲስ ይመጣል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 3 ጊጋባይት ቢያንስ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ይህም መስመሩን ብቻውን ቢያገኘው ነው። ጠዋት 2፡30 ላይ ሁሉም እኩል ሲገባ፣ በዚያ ላይ ፋይሎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሲሆኑ፣ ጊዜው ይረዝማል። ጡረታቸው የተቃረበ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛችን «ልጄ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ጨርሼም አልከፈተልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

አዲስ ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ አስቀድሜ ፎልደሮቹ ይመዘኑ አልኩ። ሰርቨሩ ላይ የእያንዳንዱን ሰው ፕሮፋይል ከፍቼ የትኛው ፎልደር ስንት እንደሚይዝ አየሁ። ሁለት ነገር ወጣ፦ ዴስክቶፕ እና ቴሌግራም።

ስለ ቴሌግራም ልብ በሉ። ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውንና ዳታቸውን የሚያስቀምጡበት አፕዳታ የሚባል ፎልደር ፕሮፋይሉ ውስጥ አለ። በውስጡ ሎካል እና ሮሚንግ የሚባሉ ፎልደሮች አሉ። ሎካል እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል፤ ሮሚንግ ሰውየውን ይከተላል። ከድረ ገጹ የሚወርደው ቴሌግራም ዴስክቶፕ፣ ቦታ ካልቀየርንለት፣ የሚቀመጠው ሮሚንግ ውስጥ ነው። የግል ላፕቶፕ ላይ ይህ ምንም ችግር የለውም። የእኛ ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም ነው የሚላላከው፤ ደብዳቤው በፎቶ፣ ስብሰባው በድምፅ፣ ሰርግ ጥሪው በቪዲዮ። ያየው ሁሉ ካሽ (ፕሮግራሙ ያወረደውን የሚያቆይበት ቦታ) ውስጥ ይቀመጥና ጠዋትና ማታ በኔትወርኩ ላይ ይመላለሳል።

ከመዘግየቱ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ቴሌግራም አካውንቱን የሚከፍትበት ቁልፍም በዚያው ፎልደር ውስጥ አለ። ፓስኮድ ካልተደረገበት፣ ፎልደሩን የገለበጠ ሰው የሌላውን ቻት ሊከፍት ይችላል። የሠራተኛ የግል ወሬ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ምን ይሠራል? ስለዚህ የሁሉንም ኮምፒውተር ሴቲንግ ከአንድ ቦታ በምናዝበት በግሩፕ ፖሊሲ፣ ከሮሚንግ ፕሮፋይል ፎልደር ማስቀረት በሚለው ቦታ፣ የቴሌግራምን ፎልደር በሙሉ አስቀረነው። ፖሊሲው ከእንግዲህ አይገልብጥ ይላል እንጂ ቀድሞ ሰርቨር ላይ የወጣውን አያጸዳም። እሱን ለሠራተኞቹ ነግረን በእጅ አጠፋነው።

ወደ ዴስክቶፕ ስንመጣ፣ «ዴስክቶፕ ላይ ፋይል ማስቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፉ ቢሮዎች አሉ። አልስማማም። ሰው ፋይሉን የሚያስቀምጠው ሁልጊዜ የሚያየው ቦታ ላይ ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። የፕሮፋይሉን መጠን በፖሊሲ መገደብም አልወድም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ገደቡን ያለፈ ሰው ፋይል ካላጠፋ ሎግ አውት አይሆንለትም ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ይወጣል፤ ፕሮፋይሉ ግን ወደ ሰርቨር አይላክም። ማታ 11፡30 ሰርቪስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ገደቡን አልፈሃል የሚለውን መልእክት አያነብም። በማግስቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ የትናንት ሥራው የለም።

የሚሻለው ፎልደር ሪዳይሬክሽን ነው። ዴስክቶፑና ዶክመንትሱ ከፕሮፋይሉ ወጥተው ሰርቨር ላይ የራሳቸውን ቦታ ይይዛሉ። ሠራተኛው የሚያየው ያንኑ ዴስክቶፕ ነው፤ ፋይሉ የሚመጣው ግን ሲከፍተው ብቻ ነው። የመብራት ጉዳይም አለ። ፕሮፋይል ወደ ሰርቨር የሚመለሰው ሎግ አውት ሲደረግ ስለሆነ፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ የቀኑ ሥራ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀር ነበር። አሁን ሴቭ የተደረገው በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ያርፋል።

ይህን ለምትሠሩ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሁሉንም ሰው በአንድ ጠዋት አታስገቡ። መጀመሪያ ቀን ፋይሉ ሁሉ ስለሚዛወር ከበፊቱም ይብሳል። እኛ በየክፍሉ፣ ለዚያውም ዓርብ ከሰዓት አደረግነው። ሌላው፣ በሪዳይሬክሽኑ ሴቲንግ ላይ ለተጠቃሚው በፎልደሩ ላይ ብቸኛ መብት የሚሰጠው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው። እንዲሁ ከተዋችሁት አድሚኑም (ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ባለሙያ) ፎልደሩን መክፈት አይችልም፤ ባክአፕም ሊያስቸግር ይችላል። እኛ ምልክቱን አንስተን ፈቃዱን ራሳችን አስተካከልን።

እሳቸው ሴትዮ አሁን ቁጭ ሳይሉ ይከፍትላቸዋል። ስዊቹም አልተገዛም።

የቀረኝ የፎንት ጉዳይ ነው። ከዊንዶውስ 10 የ1809 ቨርዥን ወዲህ ሠራተኛ ለራሱ የሚጭነው ፎንት አፕዳታ ሎካል ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ አይከተለውም። ማስታወቂያ የሚያዘጋጁት ልጆች በጌጠኛ የአማርኛ ፊደል የሠሩትን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱ ቅርጹ ተለውጦ ያገኙታል። ለሁሉም ተጠቃሚ ተብሎ መጫን አለበት፤ ያ ደግሞ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል። የሚጠቀሙባቸውን ፎንቶች ዝርዝር ጠይቄያቸዋለሁ። እንዳመጡልኝ በየኮምፒውተሩ እጭናለሁ።