ታወሩን ሌላ ቦታ ትከሉት

ሰሞኑን የሰፈራችን ወሬ አንድ ነው። ልጆቻችን የሚማሩበት ግቢ ውስጥ የኔትወርክ ታወር ሊተከል ነው አሉ። ማንም አላማከረንም፤ ያወቅነው የኳስ ሜዳው ጥግ ተቆፍሮ፣ ብረትና ሲሚንቶ ተራግፎ ስናይ ነው።

ቅዳሜ ተሰበሰብን። አንዷ እናት "ጨረሩ ልጆቼን ካንሰር ያሲዝብኛል" ብላ እንባዋ መጣ። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ ብዙም አልሰጋም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን ጨረር "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ከሚባሉት ተርታ መደበው እንጂ ያመጣል አላለም፤ ደግሞም ከአንቴናው በራቅን ቁጥር ኃይሉ ቶሎ ይቀንሳል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ክፍሉ አጠገብ የሚያጓራ ጀነሬተር፣ የናፍጣው ጭስ፣ ኳስ ገባብን ብለው አጥሩን የሚዘሉ ልጆች (የኔው ቀንደኛው ነው)። ጦሳን የሚያክል ተራራ ራስጌያችን ተገትሮ እያለ የልጆች ሜዳ ላይ?

ኔትወርክ ጠልተን አይደለም። ይህንንም የምጽፈው ስልኬን መስኮት ላይ ሰቅዬ ነው።

ፊርማው ሦስት ገጽ ሞልቷል፣ ሰኞ ጠዋት ይዘን እንሄዳለን። ያልፈረማችሁ የሰፈር ሰዎች እሁድ ከሰዓት ቤት ጎራ በሉ፣ ቡናም አለ።