ፈረስ የሌለው ፈረሰኛ ፖሊስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለካናዳ ቀን በሰላም አደረሳችሁ!

ያ ቀይ ኮት ለብሶ ሰፊ ባርኔጣ የሚደፋው «ማውንቲ»፣ ማለትም የካናዳ ፌዴራል ፈረሰኛ ፖሊስ፣ ዛሬ በየፖስተሩ ላይ አለ። ብዙዎቻችን በቅርብ ያየነው ዜግነት ስንቀበል ነው። ቃለ መሐላው እንዳለቀ ወረፋ ይዘን አብረነው ፎቶ ተነሳን። ስንት ሐበሻ ቤት ሳሎን ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ!

ፈረሱስ? እሱ ከቀረ ቆይቷል። ማውንቲ ዛሬ የሚመጣባችሁ በመኪና ነው፤ ያውም ከከተማ ወጣ ብላችሁ ስትከንፉ። ምልምሉ ሁሉ ግልቢያ የሚማርበት ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1966 ቆሟል። የቀሩት በሙዚቃ ትርኢት የሚያሳዩት 32 ፈረሰኞች ናቸው። ፈረሶቹ ጥቁር ናቸው። ታፋቸው ላይ የሜፕል ቅጠል ይታያል። ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ ቅርጽ የተቆረጠበት ብረት ደግፈው ፀጉሩን ከተኛበት አቅጣጫ ውጭ በእርጥብ ብሩሽ አበጥረውት ነው። ትርኢቱ ያምራል፤ ጉግስ እያየ ላደገ ሰው ግን ትንሽ ዝግ ይላል።

ኃይሉ የተቋቋመው በ1873 ነው፤ በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ማክዶናልድ ጊዜ። ከአሜሪካ የሚሻገሩ ነጋዴዎች ለነባር ሕዝቦች ውስኪ እየሸጡ ቆዳ ይወስዱ ነበር። በዚያው ዓመት ሳይፕረስ ሂልስ በሚባሉት ኮረብቶች ላይ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ብዙ የናኮዳ ሰዎች ተገደሉ። በማግሥቱ ዓመት 300 የሚጠጉ ፖሊሶች ከማኒቶባ ወደ ምዕራብ ተነሱ። ሣርና ውኃ ጠፋ፤ ፈረሶቹ በየመንገዱ ወደቁ። በመጨረሻ መንገዱን ያሳያቸው እናቱ ከነባሮቹ የካይናይ ሕዝብ የተወለደችው ጄሪ ፖትስ ነው። የውስኪ ነጋዴዎቹን ምሽግ ፎርት ሁፕ አፕን ሊይዙ ሲደርሱ ውስኪውም ነጋዴውም የለም። እዚያ የቀረው ሰውዬ እራት ጋበዛቸው ይባላል። ሳስበው ሁሌ ያስቀኛል። በ1875 ቦው እና ኤልቦ ወንዞች የሚገናኙበት ላይ ምሽግ ሠሩ፤ ካልጋሪያችን የተነሳችው ከዚያ ነው።

ይኸው ቀይ ኮት ግን የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከእናታቸው ጉያ ወስዶ፣ ቋንቋና ባህላቸውን እንዲተዉ ለሚገደዱበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስረክብ ኖሯል። የጠፋውንም አድኖ ይመልስ ነበር። የፖሊስ ኃይሉ አዛዥ በ2004 ይቅርታ ጠይቀዋል። እኛ ፈገግ ብለን ፎቶ የተነሳንበትን ልብስ አንዳንድ አያቶች ሲያዩት ዛሬም ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ ዛሬ የእነዚያ ልጆች መታሰቢያ የሆነውን ብርቱካናማ ካናቴራ ለብሶ የሚወጣ ጎረቤት ካላችሁ፣ «ሃፒ ካናዳ ደይ» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አደርክ?» በሉት።

መልካም በዓል!