«ቤቶች!» የሚል ቫይረስ

ለጥምቀት መንዝ፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። የመሀል ሜዳን የጥር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። እሳት ዳር ባና ተከናንበን ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ እትዬ ድንገት ዞር ብለው፣ «አንተ፣ ቫይረስ ዓይን ያበራል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አይተው ነው። «ቫይረስ ያ ኮሮናው አይደል?»

ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ተማሪ ያልገባውን ሸምድዶ ያልፋል፤ እትዬ ግን አያልፉም።

እውነት ነው አልኳቸው። አርፒኢ65 የሚባለው ዘረመል ተበላሽቶባቸው ከልጅነት ጀምሮ ዓይናቸው እየደከመ ለሚሄድ ሰዎች ሉክስተርና የሚባል መድኃኒት አለ። አሜሪካ በ2017 ፈቅዳዋለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ደህናውን ዘረመል ቫይረስ ላይ ይጭኑና ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሬቲናው ሥር በመርፌ ያስገቡታል። ዓይንን እንደ አዲስ አያደርገውም። ደብዘዝ ባለ ብርሃን እንቅፋቱን እያዩ መራመድ ግን ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

«እና ቫይረሱ በየት ይገባል? በሩ ክፍት ነው?»

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት።

የሴሉ በር ክፍት አይደለም። ቫይረሱ ኤኤቪ ይባላል። በ1965 ሌላ ቫይረስ ሲመረመር አብሮ ተቀላቅሎ የተገኘ ነው፤ ሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ አይታወቅም። ስፋቱ 25 ናኖሜትር ነው፤ አንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ላይ ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ጎን ለጎን ይደረደራል። 60 ፕሮቲኖች ተገጣጥመው የሠሩት ዛጎል አለው። የራሱን ዘረመል ያወጡበትና የሚፈለገውን ይጭኑበታል፤ ስለዚህ ገብቶ መራባት አይችልም።

እኛ አገር እንግዳ አጥር ጥሶ አይገባም። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ ድምፁን ያወቀ ሰው ይከፍትለታል። ይሄም እንደዚያው ነው። ኤኤቪ2 የሚባለው ዓይነት መጀመሪያ ሴሉ ላዩ ላይ ያለ ሄፓራን ሰልፌት የሚባል የስኳር ሰንሰለት ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ኤኤቪአር የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ በ2016 ነው የታወቀው፤ እሱ ከሌለ ጉዞው ይበላሻል። ሌሎቹ የኤኤቪ ዓይነቶች የሚጣበቁበት ሌላ ሌላ ነው፤ አንዱ ጉበት፣ አንዱ ጡንቻ የሚቀናው ለዚህ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ሴሉ ራሱ ቆዳውን ወደ ውስጥ አጥፎ ይውጠዋል።

«በቃ ገባ» አሉ እትዬ።

የት ገባ! ጉዱ ያለው እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። ቫይረሱ ያለው ከረጢት ውስጥ ነው፤ ሴሉ የዋጠውን ሁሉ የሚከትበት ከረጢት። ጥግ ላይ የእትዬ ጠላ ተጠንስሶ ነበርና ጋኑን አሳየኋቸው፤ ከረጢቱም እንደ ጥንስሱ እያደር ይኮመጥጣል፣ አሲድ ይሆናል። ብዙው ቫይረስ እዚያው ይቀራል፣ ተፈጭቶ ያልቃል። የሚገርመው ግን መውጫውን የሚያዘጋጅለትም ያው ኮምጣጣነት መሆኑ ነው። ዛጎሉ አሲድ ሲነካው ቅርጹ ይለወጥና ውስጡ ታጥፎ የነበረው የፕሮቲን ጫፍ ብቅ ይላል። ያ ጫፍ ስብ የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። የከረጢቱ ግድግዳ ደግሞ ስብ ነው። ቀድዶ ይወጣል።

ከወጣ በኋላ የሴሉ ዘረመል ወደሚቀመጥበት እምብርት፣ ወደ ኒውክሊየሱ ይሄዳል። የኒውክሊየሱ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ኤኤቪ ግን ትንሽ ስለሆነ ከነዛጎሉ ያልፋል፤ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ከነጭነቱ እንደሚያልፍ አይሱዙ በሉት። ዛጎሉን የሚያወልቀው እዚያ ነው፣ ዘረመሉም ሥራ ይጀምራል።

ጭነቱ ላይ አትቀልዱ ታዲያ። የሚችለው ወደ 4,700 የዲኤንኤ ፊደል ነው። ዲስትሮፊን የሚባለው የጡንቻ ዘረመል መመሪያው ብቻ ከ11,000 በላይ ፊደል ስለሆነ፣ አህያዋ አልችል ስትል ጭነት እንደሚቀነስላት አሳጥረው ነው የሚጭኑት።

ሌላው ጣጣ ውሻው ነው። ብዙ ሰው ተፈጥሯዊው ኤኤቪ ሳያውቀው ይዞት ያውቃል፣ ሰውነቱም ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቫይረሱ ገና «ቤቶች!» ሳይል ውሻው ይዘለዝለዋል። በደም በሚሰጡት ሕክምናዎች ላይ ቀድሞ ደም የሚመረመረው ለዚህ ነው። አንዴ የታከመውም ሰው ውሻው ቫይረሱን ስለሚለምደው ሁለተኛ መስጠት ከባድ ነው።

እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። ቆሎውን በእጃቸው እያሹ፣ «ሁለተኛ ካልገባ እኮ አንዴውኑ አብዝቶ መስጠት ነው» አሉኝ።

አንድ ክፍል ተማሪ ይዤ ይሄን የሚለኝ አጥቻለሁ። የሚደረገውም ይኸው ነው። በ2019 የተፈቀደው ዞልጀንስማ የሚባለው ሌላ የኤኤቪ መድኃኒት፣ ጡንቻቸው ለሚዝል ሕፃናት በደም ሥር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 110 ትሪሊዮን የቫይረስ ቅንጣት።

«ኧረ በማርያም! ያን ሁሉ እንግዳ ማን ችሎ ያስተናግዳል?»

ጉበት ነው አልኳቸው። አብዛኛው የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ጉበቱ ይቆጣል፤ ሕፃናቱ መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት የሚሰጣቸው፣ ለሳምንታትም ደማቸው የሚመረመረው ለዚህ ነው። «ምስኪን ጉበት» ብለው ተነሡና ጋኑን ከፍተው አሸተቱት። ገና ነው አሉ።